ከባዶ እግር እስከ ቮልስ፣ ከቮልስ እስከ ዊልቸር፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ መንገድ

ከሳሪስ፣ ከአደይ አበባ ወይም ከንፋስ ስልክ ተሳፍሮ ኳስ ለማየት ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ሲመላለስ የኖረ ደጋፊ የደብረ ዘይትን መንገድ በደንብ ያውቀዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ስካርፍ ያጠለቁ ወጣቶች፣ በመስኮት ብቅ ብሎ የሚጣራ ወያላ፣ ከኋላ የሚያጓራ ሲኖትራክ፣ ከጎን ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሄልሜት ያደረገ ብስክሌተኛ ቀኝ ጠርዙን ይዞ ብቅ ይላል። ሹፌሩ ክላክሱን ይለቀዋል። ከተሳፋሪው አንዱ መንገዱ የመኪና ነው፣ ሳይክል የሚነዳ ሰፈሩ ይንዳ ብሎ ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ መኪና ያለው ሁሉ ልቡ ያበጠ ነው ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ከቡናና ከጊዮርጊስ ክርክር ባልተናነሰ ይጦፋል። በዚህ መሀል ታክሲው ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንን አልፎ ይሄዳል።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን ክርክር ሊዳኝ የሚችለው ሰው ያረፈው እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ዓለም በባዶ እግሩ ያወቀው፣ ከዚያ የቮልስ መሪ የጨበጠው፣ በመጨረሻም ዊልቸር ላይ ተቀምጦ የተወዳደረው ሰው። ሻምበል አበበ ቢቂላ።

የአበበን የሮም ድል የማያውቅ የስፖርት ቤተሰብ የለም። ልጅ ሆነን ጀምሮ የሰማነው ነው። ዛሬ ግን ታሪኩን በሌላ በኩል፣ በመንገዱ በኩል እንየው። አበበ በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜው ሰው በመንገድ ላይ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ሆኖ አልፏል፤ እግረኛም፣ ሯጭም፣ አሽከርካሪም፣ አካል ጉዳተኛም።

የጃቶው ልጅ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በአጋጣሚ በዚያው ቀን በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ገና ይጫወታል። ገና ደግሞ ቀላል ጨዋታ አይደለም። የሁለቱ ቡድኖች ግብ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ሊራራቅ ይችላል። የዛሬ አሰልጣኞች ለአማካይ ተጫዋቾቻቸው በስንት ልመና የሚያሠሩትን ሩጫ አበበ ዱላ ይዞ እየተጫወተ ነበር የሚሠራው ማለት ነው።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በእነዚያ ዓመታት ከሱሉልታ ኮረብቶች ተነስቶ ወደ ከተማ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ርቀቱ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለእኛ ሩጫ ስፖርት ነው፤ ጠዋት ተነስተን ቱታ ለብሰን፣ ስንጨርስ ተጣጥበን በታክሲ ወደ ሥራ እንሄዳለን። ለአበበ ግን እግሩ ታክሲውም አውቶብሱም ነበር። ኋላ ዓለምን ያስደነቀው ጉልበት የተገነባው በዚህ የዕለት ተዕለት ምልልስ ነው። ጉልበቱን አይተው ሥልት ያስያዙት ደግሞ ከስዊድን የመጡት አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ናቸው።

ከብስክሌተኞቹ ጋር

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ወደ አውስትራሊያ የሄደው ቡድን በሁለት ስፖርቶች ብቻ ነበር የተወዳደረው፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኦሊምፒክ ታሪካችን ሲጀመር ሩጫና ፔዳል በአንድ አውሮፕላን ነው የሄዱት። ከሯጮቹ መካከል ማሞ ወልዴ፣ ከብስክሌተኞቹ መካከል ገረመው ደንቦባ ነበሩ።

በሕይወት ታሪኩ እንደሚነገረው አበበ እነዚያ ኦሊምፒያኖች የአገራቸው ስም የተጻፈበትን ልብስ ለብሰው በሰልፍ ሲያልፉ አየና ልቡ ተነካ። እኔስ ለምን አልለብሰውም ብሎ ልምምዱን አጠበቀ። ከአራት ዓመት በኋላ እሱም ያንን ልብስ ለበሰ። ወደ ሮም ሲሄድም ብስክሌተኞቹ አብረውት ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም በድጋሚ ተሰልፏል። ያኔ ሯጩ ብስክሌተኛውን ጎማ ላይ ተቀምጠህ ነው የምትሄደው፣ ብስክሌተኛውም ሯጩን ሰንጣቂ ጎማ መግዣ አጣህ እንዴ አይባባሉም። ሁሉም ለአንድ ባንዲራ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነበር የሄደው።

ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ

አበበ ሮም ከመድረሱ በፊት ማንም አያውቀው እንጂ ሰዓቱ ያስፈራ ነበር። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ እዚሁ ከተማችን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ከያዘው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም በዚህ ከፍታ።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ እኛ ጋ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። እዚህ ችቦ ሲበራ፣ እዚያ ሮም ደግሞ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ማራቶኑ የተጀመረው ወደ ማምሻው ላይ ስለሆነ ሯጮቹ የጨረሱት በጨለማ ነው። አዲሱ ጫማ አልመች ስላለው አበበ እንደለመደው በባዶ እግሩ ወጣ። መለያ ቁጥሩ 11 ነበር።

ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ብዙ ከሄዱ በኋላ አበበ ፍጥነቱን የጨመረው ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ በቆመው ሐውልት አቅራቢያ ነው። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ሞሮኳዊው በ25 ሰከንድ ተበለጠ። የዓለም ምርጥ ሰዓት፣ የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለጥቁር አፍሪካዊ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ። 1953 የጠባው እንዲህ ሆኖ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እዚያችው ሮም ውስጥ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚታወቀው ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ስፖርተኞች ተካፈሉበት። ያኔ ይህ ጉዳይ አበበን ይነካዋል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ከሮም እስከ ቶኪዮ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ አበበም የጦሩ አባል ነበርና ለጊዜው ታስሮ በምሕረት ተለቀቀ። ከዚያ በዚያው ዓመት አቴንስ ላይም ጃፓን ኦሳካ ላይም አሸነፈ። በ1954 ዓ.ም. ኮሺሴ ላይ ደገመ። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብጽን 4 ለ 2 ረቶ የአፍሪካን ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አነሳ። ምን ዓይነት ዘመን ነበር!

በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አበበ አምስተኛ ወጣ። አለቀለት ያሉ ነበሩ። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ጭራሽ ትርፍ አንጀቱን ታመመና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማራቶኑ የነበረው ጥቅምት 11 ነው። ሠላሳ አምስት ቀን ብቻ! ዛሬ አንድ አጥቂ ጅማቱ ትንሽ ሲሸማቀቅበት ሦስት ወር ይቀመጣል።

አበበ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው ስታዲየም የደረሰው። አበበ ተከታዮቹን ሲጠብቅ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እዚህም ለክርክራችን የሚሆን ነገር አለ። ሮም ላይ ባዶ እግር፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ። የቱ ይሻላል ቢባል መልሱ ሁለቱም ወርቅ አምጥተዋል ነው። አበበ ባዶ እግሩን እንደ ሃይማኖት አልያዘውም፤ ጫማ ሲመቸው ጫማ አደረገ። በባዶ እግሩ የሮጠበትን ዘመንም እንደ ድህነት ቆጥሮ አላፈረበትም።

ቮልሱ መጣ

ከቶኪዮ ሲመለስ ሕዝቡ ከተማውን አጥለቅልቆ ተቀበለው። ንጉሠ ነገሥቱ የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቤት እና አንድ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት። ያቺን ክብ ጀርባ ያላት መኪና አዲስ አበባ ሁሉ ቮልስ እያለ ነው የሚጠራት። በዚያን ዘመን የግል መኪና መያዝ ለጥቂት ሰዎች የተሰጠ ዕድል ነበር። ከሱሉልታ በእግሩ ሲመላለስ የነበረው ወታደር አሁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ሆነ።

አሁን የታክሲው ውስጥ ተከራካሪ ምን ሊል እንደሚችል መገመት ይቻላል። ሯጭ መኪና ከያዘ እግሩ ይሞታል ይላል። የአበበ መዝገብ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ቮልሱን ካገኘ በኋላ በግንቦት 1957 ዓ.ም. ጃፓን ኦትሱ ላይ፣ በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ስፔን ዛራውዝ ላይ፣ በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከኢንቾን እስከ ሴኡል በተደረገው ውድድር አሸንፏል። ሦስት ማራቶን፣ ሦስት ድል። ለመድረስ መኪናውን፣ ለመሮጥ እግሩን ተጠቀመ። አንዱ ሌላውን አልገደለበትም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት ነው። መኪና የገዛ ሰው ትናንት ታክሲ ሲጠብቅ የቆመበትን ፌርማታ ይረሳል። ሳይክል የሚወድ ሰው ደግሞ መኪና የያዘውን ሁሉ ሰነፍ ያደርገዋል። እሑድ ጠዋት ብስክሌት መንዳት የሚያስደስተው ሰው ሰኞ ልጆቹን በመኪና ትምህርት ቤት ቢያደርስ ምን ይቃረናል? ሁለቱም የየራሳቸው ጣዕም አላቸው። በመኪና ቤተሰብህን ይዘህ ደብረ ዘይት ትወርዳለህ። በብስክሌት ነፋሱን ፊትህ ላይ ትቀበላለህ፣ ዳገቱን በጉልበትህ ትከፍላለህ። በእግር ደግሞ ሰላም የምትለው ጎረቤት አይጠፋም።

ሜክሲኮ እና ያቺ ሌሊት

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ አበበ ለሦስተኛ ወርቅ ተሰለፈ። እግሩ ግን ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ። ውድድሩን በድል የጨረሰው የሜልቦርኑ ማሞ ወልዴ ነው። ወርቁ ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም። ለሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ማራቶን የእኛ ሆነ።

ከዚያ አምስት ወር አለፍ እንዳለ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት፣ አበበ ቮልሱን እየነዳ ሳለ መኪናው ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ ተገለበጠ። አበበ ውስጡ ተይዞ ቀረ። ሰው ደርሶ ያወጣው ሲነጋ ነው። በቤተሰብ በኩል የተጻፈው ታሪኩ ከፊት ለፊት በፍጥነት ከመጣ መኪና ለማምለጥ ሲሞክር እንደሆነ ይናገራል። ጉዳቱ አከርካሪው ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አቃተው።

ዓለምን በእግሩ የዞረው ሰው በአንዲት ሌሊት እግሩን አጣ። ዜናው ሲሰማ አገር ደነገጠ። ብዙ ሰው መኪናዋን ረገመ። በሽልማት መልክ የመጣች መዓት ናት ተባለ። ማን ይፈርዳል? ሐዘን ያለበት ሰው የሚረግመው ነገር ይፈልጋል። አበበ ራሱ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር ፈቃድ ቆጥሮ ሁለቱንም በእኩል ተቀበለ። ድሉን በደስታ እንደተቀበልኩ መከራውንም መቀበል አለብኝ የሚል አቋም ነበረው።

ስቶክ ማንደቪል

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደና ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባ። ይህ ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አይደለም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዱ ወታደሮችን ሲያክሙ ስፖርትን እንደ መድኃኒት የተጠቀሙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን አወዳደሩ። ከዚያ ዘር ነው እንግዲህ ቅድም ያዙልኝ ያልነው የሮም ፓራሊምፒክ የበቀለው። አበበ በእግሩ ሮጦ ባሸነፈባት ከተማ የተወለደው ውድድር፣ አሁን የእሱ ውድድር ሆነ።

ስምንት ወር ታከመ። የእጆቹ ጉልበት ተመለሰ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠየቁት። ወደ አገሩ የተመለሰው በዊልቸር ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን በር ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። አበበ ግን በሐምሌ 1962 ዓ.ም. ወደዚያው ስቶክ ማንደቪል ተመልሶ በዊልቸር ውድድሮች ላይ ተካፈለ፤ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ወደተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጋበዘ። በእንግድነት መቀመጥ የት ያውቃል! ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፣ በመጨረሻም በረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር ገብቶ 16 ተወዳዳሪዎች የነበሩበትን ፉክክር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ በውሻ! ባዶ እግር፣ ጫማ፣ ቮልስ፣ ዊልቸር፣ አሁን ደግሞ የበረዶ ተንሸራታች። መሄጃው ተቀያየረ እንጂ ሰውየው ያው ነው።

የመጨረሻው መንገድ

በ1964 ዓ.ም. ክረምት የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አበበ በክብር እንግድነት ተጋብዞ ነበር። ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ሲታይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ነበር፤ ልክ እንደ ሮሙ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲሆን እሱም የአበበን እጅ ጨብጧል።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በአርባ አንድ ዓመቱ አረፈ። የሞቱ ምክንያት በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲሆን፣ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር። ያቺ ሌሊት በመጨረሻ ሂሳቧን አወራረደች። በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሲቀበር 65 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በቀብሩ ላይ ተገኙ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። ያረፈውም በቅዱስ ዮሴፍ ነው። መቃብሩ ላይ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። በሕይወቱ 16 ማራቶን ሮጦ 12ቱን አሸንፏል። በስሙ በተሰየመው ስታዲየም ስንቶቻችን የክለቦቻችንን ጨዋታ አይተናል።

እና መንገዱ የማን ነው?

አሁን ወደ ታክሲያችን እንመለስ። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንገድ ለሰው እየተባለ በተመረጡ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ ሆነው ሕፃናት ኳስ ሲያንከባልሉባቸው፣ ወጣቶች ሳይክል ሲነዱባቸው አይተናል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ የእነ ገረመው ደንቦባ ፔዳል አልቆመም።

ሆኖም መስመር ብቻውን አይበቃም። ለብስክሌት የተሠመረው ላይ መኪና የሚያቆም አለ። እግረኛው መንገድ ላይ ሞተር የሚነዳ አለ። ዜብራ ላይ እናት ቆማ እያየ ነዳጅ የሚረግጥ አለ። መኪናው መሀል ዘው ብሎ የሚገባ እግረኛም፣ በሌሊት ያለ መብራት የሚሄድ ብስክሌተኛም አለ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ይህ የደጋፊ ጨዋታ አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ ተሳስተህ ብትሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለ። መንገድ ላይ የመልስ ጨዋታ የለም።

ከአበበ ታሪክ የምንወስደው ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል። ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን እግረኛ ወይም ዕድሜ ልኩን ሹፌር ሆኖ አልተፈጠረም። ዛሬ የምትጮህበት ብስክሌተኛ ነገ መኪና ገዝቶ ከኋላህ ይመጣል። ዛሬ መሪ የጨበጥከው አንተ ነገ ዜብራ ላይ ቆመህ አንዱ እንዲያሳልፍህ ትለምናለህ። ከነገ ወዲያ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጠህ ከፍ ያለውን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ታየዋለህ። አበበ ሁሉንም ሆኖ አልፏል። አንዱን ሲይዝ ሌላውን አልናቀም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሚኒባሱ በቅዱስ ዮሴፍ በኩል ሲያልፍና ያ ሄልሜት ያደረገ ልጅ ከቀኝ በኩል ብቅ ሲል ሹፌሩ ክላክሱን ትቶ ትንሽ ወደ ግራ ያዝ ያድርግለት። ተሳፋሪውም ክርክሩን ወደ ኳሱ ይመልሰው። ልጁ ይለፍ። መንገዱ ለሁላችንም ይበቃል፤ ሻምበሉም እዚያው አጠገባችን ነው ያረፈው።